የእሑድ ምሳ በረቡዕ

በእኛ ቤት የእሑድ ቀልድ የሚሳቀው ረቡዕ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ የወሰደው መድኃኒት ነፍሱን አትርፎ ጆሮውን ወሰደው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ የቱ ብሎን እንደላላ የሚናገር ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ላይ ቀና ብሎ "ምነው ቤቱ ዝም አለ?" አለኝ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ስሙን እየጠራሁት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን የምንለውን በደብተር እንጽፍለት ነበር። ሰው ግን ሲያወራ አይታክተውም፣ ሲጽፍ ይሰስታል። ጠረጴዛው ዙሪያ ግማሽ ሰዓት ተስቆ ተስቆ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ "ምን ተባለ?" ሲል አንዳችን እርሳስ እናነሳና "ምንም አይደል፣ ስለ ጎረቤት ነው" ብለን እንጽፋለን። አንድ እሑድ ደብተሩን ዘጋና "'ምንም አይደል' ለመባል ምሳ አልቀርብም!" አለ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ የሚናገረው ሁሉ በጩኸት ነው፤ መንገደኛው ሳይቀር ሰማው።

ዘዴውን ያመጣችው የልጄ ልጅ ናት። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮች የሚጠበቁበት ክፍል ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን ቀን ዓይኗ አይገለጥም። አያቷ "ጉጉት" ይላታል፣ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። እሑድ እሑድ ለምሳ ስንሰበሰብ ስልኳን መደርደሪያው ላይ አቁማ ትቀርጸናለች። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለው የእኔ ሥራ ነው። እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል እጽፋለሁ። ከዚያ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ወዳለችው የጫማ ካርቶን የምታህል ማሽን እናስገባዋለን። ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ አያትየው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ይቀመጥና የራሱን የእሑድ ምሳ እንደ ፊልም ያየዋል፣ ንግግሩ ከሥር እየተጻፈለት። በሦስት ቀን ዘግይቶ ይስቃል፣ በሦስት ቀን ዘግይቶ ይቆጣል። እሑድ የተጠየቀውን ረቡዕ ይመልሳል። "ያ ልጅ ስለ መኪናው ጎማ ጠይቆኝ ነበር ለካ! ደውይለት፣ ይቀይረው!" ይላል፤ እኔም እደውላለሁ።

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ፣ የምጽፈውም በሁለት ጣት ነው። የአርባ ደቂቃ ምሳ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። አንድ ጊዜ ሰነፍኩና ልጄ የቀለደውን አንድ ቀልድ ዘለልኩት። ልጄ፣ የጉጉቷ አባት፣ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላሱም እንደ መቀሱ አያርፍም፣ ሁሉንም ማን ይጽፈዋል? አያትየው ግን ምስሉ ላይ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ስንስቅ አየ፤ ከሥር ምንም የለም። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ተስማማን፤ የተባለ ሁሉ ይጻፋል፣ ቢያምርም ባያምርም።

እንዲህ ሆነን ዓመት ከመንፈቅ ኖርን። ታዲያ ከአንድ ወር በፊት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት እሳት ተነሳ። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጠቁሮ አየሁት። "ከሶኬት ነው" አሉ። እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ከመተኛቴ በፊት የቤቱን ሶኬት ሁሉ አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣ ጠዋት መልሼ እሰካለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ቢነገርም "ኧረ እማማ!" ከማለት በቀር ማን ይረዳኛል?

በዚያው ሳምንት ረቡዕ፣ ፊልሙ ተከፈተ። ከሥር ፊደሉ በሚወጣበት ቦታ ባዶ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ መጣ። ልጄ ሲያወራ ሳጥን፣ እኔ ስመልስ ሳጥን፣ ጉጉቷ ስታዛጋ እንኳ ሳጥን። አያትየው መጀመሪያ ሳቀ። "ዛሬ በጡብ ነው እንዴ ያወራችሁት?" አለ። ጉጉቷ ማታ ወደ ሥራ ስታልፍ፣ እሱ ከተኛ በኋላ መጥታ አስተካከለችው፣ ፊደሉ ተመለሰ፣ ሲነጋ ደግሞ ሳጥን። በሁለተኛው ረቡዕ አልሳቀም። በሦስተኛው ረቡዕ ተነሳና "ሳጥን ለማንበብ አልወጣም። እሑድም ምሳዬን እዚያው አምጪልኝ" ብሎ መኝታ ቤት ገባ። ያለፈውን እሑድ ምሳውን በትሪ ወሰድኩለት። ሳህኑን ስመልስ ግማሹን አልነካውም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ሰው ከገበታ ከቀረ ቀስ በቀስ ከሌላውም ይቀራል። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። ሳጥን መምጣት ከመጀመሩ በፊት በነበረው እሑድ፣ ልጄ "እማዬ፣ ምነው ጠቆርሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ዳቦ እየቆረሰ ነበር። እኔም አልኩ፤ "ደክሞኛል። ሰው ሁሉ እሑድን አንዴ ይኖራል፣ እኔ ሁለቴ ነው የምኖረው። አንዳንዴስ ባያውቅ ምን ነበረበት እላለሁ።" ይህን ስል ቀና ብሎ አይቶኝ ፈገግ አለ፤ ዳቦውን አቀበለኝ። ሰኞ ሲደርስ ያቺን ንግግሬን ጻፍኳት። የተባለ ሁሉ ይጻፋል ብያለሁ። ከዚያ ሳጥኑ መጣና ሸፈናት። ፊደሉ እንዲመለስ የምጸልየውም፣ እንዳይመለስ የምፈራውም እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉጉቷ ላፕቶፕዋን አንጠልጥላ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ምሳ በልተሻል?"

"በልቻለሁ እማማ።"

"ምን በላሽ?"

"መጀመሪያ ማሽኑን ልየው እስቲ።"

"አልበላሽም ማለት ነው።"

ሾርባ አሙቄ አመጣሁላት። በአንድ እጇ ማንኪያውን ይዛ በሌላው ስትነካካ ቆየችና ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"እማማ፣ ይሄ ማሽን በየቀኑ እየጠፋ ነው የሚነሳው። እዚህ ሰፈር መብራት ይጠፋል?"

"አልፎ አልፎ።"

"በየቀኑ ማታ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይመጣል? መብራት ኃይሎች የአንቺን የመኝታ ሰዓት ያውቃሉ እንዴ?"

ማሽኑ አሳበቀብኝ። ሁሉንም ይመዘግባል ለካ።

"የልብስ ሰፊዋን ግድግዳ አንቺ አላየሽውም" አልኳት። "አያትሽ 'እሳት!' ተብሎ ቢጮህ አይሰማም። እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው። ማን ሊቀሰቅሰን ነው?"

አልሳቀችም። ማንኪያውን አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ አሸች።

"እሺ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው። ስሚኝ፣ ፊልሙን የሚያሳየን ፕሮግራም የሚኖረው ኮንቴይነር የሚባል ነገር ውስጥ ነው። እንደ ኪራይ ክፍል አስቢው። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አሮጌው ክፍል ይፈርስና አዲስ ይሠራል። እንደዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ሁልጊዜ አዲሱ ይሁን ብዬ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ስለሆነ የኛን ፊደል አያውቅም፤ ፊደሉን ምስሉ ላይ የሚለጥፈው ማሽኑ ነው። የፊደሉ መልክ ያለበትን ፋይል፣ ፎንቱን፣ ያኔ በእጄ ያስገባሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር።"

"ክፍሉ ሲፈርስ ዕቃው አብሮ ተጣለ።"

"አዎ።"

"ፊልሞቹስ? የዓመት ከመንፈቅ ምሳ!"

"እነሱ ውጭ ናቸው፣ አትደንግጪ። ክፍሉ በመስኮት ያያቸዋል እንጂ ውስጥ አይደሉም።"

"የሰው ዕቃ እየጣለ ቤት የሚያድስ አከራይ ግን ምን ዓይነት አከራይ ነው?"

"እኔ ነኝ አከራዩ።"

"እንግዲያው ቻይው።"

"መፍትሔው ሁለት ነው" አለች። "አንደኛው ሶኬቱን አለመንቀል…"

"ሁለተኛውን ንገሪኝ።"

ሁለተኛው መፍትሔ ስክሪፕት የሚባል ነገር ነው። አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ክፍሉ ተሠርቶ አልቆ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሠራተኛ ቀድሞ ገብቶ የጎደለውን አሟልቶ ይወጣል እንደ ማለት ነው። ዝርዝሩ የሚቀመጠው ከክፍሉ ውጭ ስለሆነ የሚያፈርሰው የለም። እሷ ስታስረዳኝ ዓይኗ እየተከደነ ነበር። ሶፋው ላይ ገፋ አደረግኳት።

"ተኝተሽ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

"በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እማማ።"

"ስምንተኛ ክፍል ምን ስማር የነበረ ይመስልሻል?"

ዓይኗን ጨፍና ፊደል በፊደል ነገረችኝ። ሰባት መስመር ናት። በመጀመሪያው መስመር ዝርዝሩን ማን እንደሚያነበው ይነገራል፤ ቀጥሎ ኢንተርኔት ገብቶ ፎንቱን ፈልጎ እንዲያመጣ፣ በቦታው እንዲያስቀምጥ፣ በመጨረሻ "አዲስ ፊደል መጥቷልና ዕወቁት" እንዲል። አንዲት ነጥብ እንዳትቀር እያልኩ ሦስቴ አነበብኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከላፕቶፕዋ ሆና ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ቴሌቪዥኑን ከፈትን።

ሳጥን።

"ምን አጠፋሁ?"

ቀና ብላ ፈተሸች። "ምንም። ፈቃድ ሳንሰጠው ነው። ፋይሉ 'መሥራት ይችላል' ካልተባለ ማሽኑ አይቶ ያልፈዋል።"

"መሥሪያ ቤት ነው እንዴ?"

"መሥሪያ ቤትስ ይሻላል፣ ለምነሽ ትገቢያለሽ።"

ፈቃዱን ሰጠችው። እንደገና አስነሳችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጄ ማንኪያውን እያወዛወዘ አፉን ከፈተ፤ ከሥሩ በኛ ፊደል "አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሦስት ፀጉር…" የሚል ወጣ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"አባባን ልጥራው!" ብላ ተነሳች።

"አትጥሪ።"

"እንዴ?"

"ሁለት ጊዜ መጣ ብለን ሁለት ጊዜ ሳጥን አሳይተነዋል። ነገ ጠዋትን ይለፍ። እዚሁ እደሪ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ይቺ ልጅ እንቅልፋም ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም፤ ያን እሑድ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

"እማማ፣ ያቺን መስመር አጥፊያት። አንድ ሴኮንድ ነው። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልጮኸ፣ በምን ያውቃል?"

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ "አጥፊያት" ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ እኮ፣ እንዳይከፋው። "ምንም አይደል" ብለው የሚጽፉለት ሰዎችም ለእሱ ብለው ነበር።

"ተያት" አልኩ። "አንቺ ተኚ።"

ያን ማታም ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መልሼ ሰካሁ። ጉጉቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጣች። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ልጄ ማንኪያውን አወዛወዘ፣ አፉን ከፈተ።

ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንዲያ ሆና ሳያት ለማሽኑ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ጠፋና እሷ አሳዘነችኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን የምታርፍ ልጅ እኛ ቤት መጥታ ደግሞ ማሽን ትጠብቃለች።

"ትናንት ሠርቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች በመጨረሻ። ላፕቶፕዋን ሳበች። "ስክሪፕቱ ተነስቷል። 'አድራሻውን ማግኘት አልቻልኩም' ይላል። ኢንተርኔት የለም እያለ ነው። ግን አለ! ይኸው ስልኬ ላይ።"

"አሁን አለ" አልኩ። "ያን ጊዜስ?"

"የቱን ጊዜ?"

"እኔ መጀመሪያ የምሰካው ይቺን ማሽን ነው፣ ቅርብ ናትና። ከዚያ ማቀዝቀዣውን። የኢንተርኔቱ ሳጥን ቁም ሳጥን ጀርባ ነው፣ ተንበርክኬ ነው የምደርስበት፤ ጉልበቴ እስኪፍታታ እሱን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ተሰክቶም ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ሻይ ይፈላል።"

አፏን ከፍታ አየችኝ።

"ሠራተኛሽ ገበያ የወጣው ሱቁ ሳይከፈት ነው" አልኳት። "ባዶ እጁን ተመለሰ።"

"ትናንት ኢንተርኔቱ እንደበራ ስለሞከርነው…"

"እኔ ያልገባኝ፣ ፊደሉን ለምን በየቀኑ ከውጭ ያመጣዋል? ትናንት የመጣው የት ሄደ? ፊልሞቹ ካሉበት ጎን፣ የማይፈርሰው ቦታ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም? ጠዋት ጠዋት ከጓዳ አንስቶ ይግባ።"

ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ጣለችው። ድምጿ ከውስጥ መጣ።

"ሥራ ቦታ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ባገኝ ሳምንቱን ሙሉ ነበር የምቀልድበት።"

"ተነሽና በራስሽ ቀልጂ።"

ከሰባቱ መስመር ሦስቱ ወጡ፣ አንድ ገባ። ፎንቱን ከፊልሞቹ ጎን አስቀመጠችው፤ ስክሪፕቱ ከዚያ ገልብጦ ብቻ ይገባል። ከዚያ ሁሉንም ነቀልን። የኢንተርኔቱን ሳጥን ሆን ብለን ሳንሰካ ማሽኗን ብቻ ሰካን። ጠበቅን። ልጄ አፉን ከፈተ፤ "አንድ ደንበኛ መጥቶ" የሚለው በኛ ፊደል ወጣ። ነቀልን፣ ሰካን። ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ልነቅል ስል ጉጉቷ እጄን ያዘችኝ። "በቃሽ እማማ፣ ማሽኗም ነፍስ አላት።"

አያትየውን የምንጠራው የመኝታ ቤቱን መብራት ሦስቴ አጥፍተን በማብራት ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ መስኮቱን ያይ ነበር። ወረቀት ላይ "ፊደሉ መጥቷል" ብዬ ጻፍኩለት።

"ባለፈውም መጥቷል ብለሻል!" ብሎ ጮኸ።

"ጉጉት ስክሪፕት ጻፈችለት" ስል ጨመርኩ።

"ምን ጻፈችለት?"

እዚያ ላይ ደከመኝ። እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። ስለ ክፍሉና ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ገበያው ሁሉ እንዴት ብዬ ልጻፈው? "ምንም አይደል" ብዬ ልጽፍ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እጁን ብቻ ያዝኩት። ያን ያህል ጊዜ እጁን ይዤው ስለማላውቅ ይሁን አላውቅም፣ ተነስቶ ተከተለኝ።

ሳያነባቸው የቀሩትን እሑዶች በተራ ይያቸው ብለን ከመጀመሪያው ጀመርንለት። ከዚያ በኋላ እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፣ እሱን ነው ያየሁት። በደንበኛው ሦስት ፀጉር ላይ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። "ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ውሸታም ነው!" አለ። ጉጉቷ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ፣ ሳቀች። እኔ ደቂቃውን እየቆጠርኩ ነበር። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያዳመጥኩትን እንዴት አላውቅም? ልጄ "እማዬ፣ ምነው ጠቆርሽ?" አለ። ከዚያ የኔ ንግግር ወጣ። ሦስት መስመር ነው፣ ሰባት ሴኮንድ ይቆያል።

አነበበው። ምስሉ ላይ ያለው እሱ ፈገግ ብሎ ዳቦውን አቀበለኝ። ወንበሩ ላይ ያለው ግን ሪሞቱን አነሳና አቆመው። ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አነበበው። ሪሞቱን የወንበሩ ክንድ ላይ አስቀመጠ፣ ተነሳ፣ እኔንም ጉጉቷንም ሳያይ መኝታ ቤት ገባ። በሩ ተዘጋ።

"አጥፊያት ብዬሽ ነበር" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

"ብለሽኛል።"

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ድንች ላጥኩ። ስንቱን ድንች እንደላጥኩ አላውቅም፤ ጉጉቷ መጥታ ቢላዋውን ቀማችኝ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስጨነቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ልጄ ከመቀስ ጋር ሲውል፣ ይቺ ልጅ ሌሊት ከሥራ ስትመለስ፣ ጎረቤት ሲያስል። የሚያመውን ነገር ግን ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ ነበርኩ ያልኩት፣ ደግሞም በጽሑፍ።

ሰባት ሰዓት ላይ ልጄ መጣ፣ ከበር ጀምሮ እያወራ። ጠረጴዛው ተዘረጋ። ባለፈው እሑድ እንዳደረግኩት ትሪ ላይ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ውሃ አደረግኩና ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። በእግሬ በሩን ገፋሁት። አልጋው ተነጥፏል፤ ማንም የለም።

ስመለስ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። በመታጠቢያ ቤቱ በር ዞሮ ነው የመጣው። ፊቱን ተላጭቷል፣ አገጩ ላይ ትንሽ ደም አለ። ትሪውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ያስቆምሻል፣ ተቀመጪ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጣቱን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። "ጉጉት፣ ስልኩን አጥፊው!"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ አይጠፋም ለማለት። ካልተቀረጸ ረቡዕ ምን ያያል? አንድ ጥሩ ነገር ቢባልስ?

"አጥፊው አልኩ! ዛሬ የማንንም ወሬ ማንም አይጽፍም። እኔን ማናገር የሚፈልግ ወደዚህ ዞሮ፣ አንድ በአንድ፣ አፉን ከፍቶ ቀስ ብሎ ይናገር። ካልገባኝ አስደግመዋለሁ። መድከም ከሆነ እናንተም ድከሙ! ይቺ ሴትዮ ብቻ ናት እንዴ የምትደክመው?"

ልጄ ማንኪያው አፉ ውስጥ ቀረ። ጉጉቷ ተነስታ ስልኩን አጠፋችውና ኪሷ ከተተችው።

"በየሳምንቱ አይደለም" አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፤ ከቀድሞው አልተለየም። "አንድ እሑድ ትጽፊያለሽ፣ አንድ እሑድ ታርፊያለሽ። ባላውቀው ምን ነበረበት ያልሽው ግን አልወደድኩትም። ደግሞ ስላልደበቅሽኝ…" አልጨረሰውም። ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

ልጄ ወደ አባቱ ዞረ። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጁን አወጣ።

"አባዬ፣ ስለ… መኪናዬ… ፍሬን… ልጠይቅህ።"

"ስለ መኪናህ ምን?"

"ፍሬን!"

"ፍቅር? ሚስትህ ምን ሆነች?"

ጉጉቷ ውሃው ትን አላት። ልጄ ተነሳ፣ በእግሩ ወለሉን ረገጠ፣ በእጁ መሪ ያዘ፣ ሊጋጭ ሲል ፍሬን እንደያዘ ሰው ሆነ፤ ወንበሩ ወደቀ። አያትየው ገባውና "ፍሬን በለኝ እንጂ!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ስለ ፍሬን ሠላሳ አንድ ዓመት ያከማቸውን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ። ልጄ እየጠየቀ፣ እሱ እያስደገመ፣ ጉጉቷ መሐል እየገባች፣ አንዱ ጥያቄ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አድካሚ ነበር። ከሦስት ጥያቄ በላይ አልሄዱም መሰለኝ።

መሰለኝ ያልኩት ስለማላውቅ ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ሌላ ምን እንደተባለ ብትጠይቁኝ ግማሹንም አላስታውስም። እየበላሁ ነበር።